ማፊኑ እስኪበስል

ጸጉር ሠሪዋ እንቁላሉን በሳህኑ ጠርዝ መታ አድርጋ ስትሰብር ትንሿ ለምንዬ ወንበር ላይ ቆማ አፍጥጣ ታያት ነበር።

«ለምን መጀመሪያ ሌላ ሳህን ላይ ትሰብሪዋለሽ፣ እቴቴ?»

«ምናልባት የተበላሸ ከሆነ ሌላውንም ይዞብን እንዳይሄድ ነዋ።»

«ለምን ይበላሻል?»

«ብዙ ሲቆይ።»

«ለምን ያቆዩታል?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለች ጸጉር ሠሪዋ እየሳቀች።

ልጅቷ ስም አጥታ አይደለም። ከአፏ «ለምን» ስለማይጠፋ አባቷ ለምንዬ ብሎ ጠራት፤ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነው። እናቷ ያረፈችው ልጅቷ ገና ዳዴ ሳትል ነበር። ሐኪሙ ልጁን ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማስተኛት ሁሉንም ለመደ፤ የጸጉሯ ነገር ግን አልሆነለትም። አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ጭንቅላቷ የወፍ ጎጆ የመሰለ ልጅ በእጁ ይዞ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመና «እባካችሁ፣ ከእኔ አቅም በላይ ሆኗል» አለ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ያልሳቀችው ጸጉር ሠሪዋ ብቻ ነበረች። ልጅቷን አስቀምጣ፣ ቋጠሮውን ሳታሳምማት በጣቷ እየለየች ፈታችው። ቀና ስትል ሐኪሙ በመስታወቱ ውስጥ ያያት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ይመጣሉ። ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲያ ነው፤ ፊት ለፊት ለመተያየት ድፍረት ሲያጡ በመስታወት ውስጥ እየተያዩ።

አሁን ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቤት ትመጣና ከልጅቷ ጋር አንድ ነገር ይሠራሉ። አንድ ቀን አሻንጉሊት ይሰፋሉ፣ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ይቀባሉ። ዛሬ የቸኮሌት ማፊን ነው፤ ለምንዬ ጓደኛዋ ልደት ላይ በልታ ሳምንቱን ሙሉ አገር አስጨንቃለች።

ጸጉር ሠሪዋ ግን እዚህ ቤት ስትገባና ስትወጣ ከዓመት ገደማ በኋላም እንደ ሌባ ናት። ሐኪሙ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ከመጣ እጇን ለቆ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ሲኒማ የሚገቡት መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው፤ እናቱ። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት የመሩ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ ሰው ሁሉ እትዬ ዳይሬክተር ነው የሚላቸው። ባላቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፣ ሴት ልጃቸው ፋርማሲስት ናት። የጸጉር ሠሪዋ አባት ደግሞ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። «እናቴ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች» ይላታል ሐኪሙ። «ነግሬያታለሁ፤ ከበዳት። ቀስ እያልኩ አለሳልሳታለሁ።» እሷም አምናው ትጠብቃለች። አይታቸው የማታውቃቸውን ሴትዮ እየፈራች፣ አንዳንዴም ውስጥ ውስጡን እየጠላቻቸው ትጠብቃለች።

«በይ አሁን ዱቄቱን ንፊ» አለቻት ልጅቷን።

ዱቄቱን፣ የካካዎውን ዱቄትና ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ ላይ በወንፊት ነፉ። ግማሹ ሳህን ውስጥ፣ ግማሹ የለምንዬ ቅንድብ ላይ አረፈ። ስኳር ጨመሩ፤ እንቁላሉን ከወተትና ከዘይት ጋር መትተው አፈሰሱበት።

«ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ነው የምናማስለው። ከዚያ ካለፈ እንደ ጎማ ይሆናል።»

«ለምን?»

«ብዙ ሲነካካ ይከፋዋል፤ ልክ እንዳንቺ ጸጉር።»

ሐኪሙ ከክሊኒክ መጥቶ የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ሲያያቸው ቆይቷል። ልጅቷ የተከተፈውን ቸኮሌት አንድ ለሊጡ፣ ሁለት ለአፏ እያለች ነው።

«የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ይሄ ይሠራል?»

«ሥራ እየፈጠርንልህ ነው፤ ማመስገን ይገባሃል» አለችው ጸጉር ሠሪዋ።

ጠጋ ብሎ በአውራ ጣቱ ጉንጯ ላይ የተረጨውን ሊጥ ጠረገላት። «በዚህ ሳምንት ቁርጡን እነግራታለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቃኝ እኔም።» ዐይኑ ውስጥ እውነት አየች። 

የበሩ ደወል ጮኸ።

ሐኪሙ ሄዶ ከፈተ። ከኮሪደሩ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ዝግ ያለ፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል የሚጠራ ድምፅ። ለምንዬ «እማማ መጣች» ብላ ከወንበሩ ዘለለች። ሐኪሙ እናቱን አስከትሎ ወጥ ቤት ሲገባ የሸሚዙን እጅጌ አውርዶ ቆልፎት ነበር። ቅድም ከጎኗ የነበረው ሰውዬ አሁን ማቀዝቀዣው አጠገብ ሄዶ ቆመ። ጸጉር ሠሪዋ ያቺን ፈንጠር ማለቱን አየቻት።

እትዬ ዳይሬክተር ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ከደረታቸው አንስተው አደረጉና መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ቅንድብ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ በመጨረሻ ሽርጥ ያገለደመችውን ሴት አዩ።

«ይቺስ ልጅ ማናት?» አሉ ልጃቸውን።

ጸጉር ሠሪዋ እጇ እስከ አንጓዋ ሊጥ ነው። ልታብሰው አልቻለችም፤ ዐይኗን ሐኪሙ ላይ ተከለች። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። የፈለገው ቃል ይሁን። ስሟንም ቢጠራ ይበቃት ነበር።

«እሷ…» አለ ሐኪሙ። «የልጅቷን ጸጉር የምትሠራላት ናት፣ እማዬ።»

ውሸት አይደለም። ቆሽቷን ያሳረረውም ይኸው ነው፤ ቢዋሽ ኖሮ ውሸታም ብላ ትገላገለው ነበር። እውነት ውስጥ ቀብሮ ካዳት።

ለምንዬ ግራ ገብቷት አባቷን አየችው። «ጸጉሬን የምትሠራኝ እኮ ሐሙስ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ለምን ሌላውን አትነግራትም?»

«ሂጂ እጅሽን ታጠቢ» አለ አባቷ።

«ደህና» አሉ እትዬ ዳይሬክተር፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሳሎን አለፉ። ሐኪሙም ተከተላቸው። ጸጉር ሠሪዋ ብቻዋን ቀረች። ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ይግል ነበር፤ የመታት እጅ ደግሞ ቅድም ጉንጯን የጠረገው እጅ ነው።

*

ሽርጡን አውልቃ ቦርሳዋን ልታነሳ ስትል ለምንዬ እጇን እያራገፈች ተመለሰች።

«አሁን ወረቀቶቹ ውስጥ እንጨምረው?»

ምን ትበላት? ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀች ልጅ ናት። የአባትን ጥፋት በልጅ ላይ መወጣት ደግሞ አላደገችበትም። ጥርሷን ነክሳ የወረቀት ኩባያዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች። ለምንዬ በማንኪያ እየጨለፈች ሞላቻቸው፤ አንዱን ሞልታ አፈሰሰች፣ አንዱን ረሳች። ትሪውን ኦቭን ውስጥ ከተው መስታወቱ ፊት ወለል ላይ ቁጭ አሉ።

ከሳሎን የእናትና የልጅ ወሬ ይሰማል። ስለ እህቱ ልጆች፣ ስለ መኪናው ጎማ። ስለ ጎማ ማውራት ችሏል ማለት ነው፤ ምላሱ የተሳሰረው ለእሷ ብቻ ነበር። ጸጉር ሠሪዋ ያሳለፈችውን ዓመት አሰበች። ሥራዋን በሰው ቤት ደጅ ቆማ የለመነችው አይደለም፤ በእጇ ነው የምትኖረው። አባቷ ዘበኛ ነበር፤ በሕይወቱ ግን አንድ ቀን እንኳ እናቷን «የማውቃት ሴት ናት» ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ውርደት ከማን ተማረች? ለምን ብላ ለመደችው?

ሐኪሙ ውኃ ሊቀዳ በሚል ሰበብ ገባ። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «እባክሽ፣ ለዛሬ ብቻ ቻይው» አላት። «ድንገት ሆነብኝ። ቀስ ብዬ…»

«በሹክሹክታ አታናግረኝ» አለች፣ ዐይኗን ከኦቭኑ ሳታነሳ።

«እናቴ እየሰማች ነው።»

«ስለዚህ ነው አታንሾካሹክ የምልህ።»

«አንቺ እናቴን አታውቂያትም።»

«እናትህን ዛሬ ነው ያየኋቸው። አንተን ግን ዓመት ሙሉ ያወቅኩህ መስሎኝ ነበር።»

«እቴቴ፣ አበጠ፣ እይው አበጠ» አለች ለምንዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ። ማፊኖቹ ከወረቀታቸው በላይ ብቅ ብለው አናታቸው መሰንጠቅ ጀምሯል። የቸኮሌቱ ጠረን ቤቱን ሞላው። ሐኪሙ ብርጭቆውን ባዶውን ይዞ ወጣ። ጸጉር ሠሪዋ ልጅቷን አቅፋ ሽታውን ሳበችው፤ ከዛሬ ወዲያ ይሄን ወለል፣ ይሄን ጭንቅላት ላታየው ነው። ንዴቷን ችላው ነበር። ይሄኛውን ሐሳብ ግን መቻል አቃታት።

*

ማፊኑን በስቲኪኒ ወግታ እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ትሪውን አወጣች። ትንሽ እስኪበርድ ጠበቁና ለምንዬ ያማረ ያማረውን ሳህን ላይ ደርድራ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ወደ ሳሎን ሄደች። ጸጉር ሠሪዋ ሽርጡን አጥፋ አስቀመጠች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ልትሰናበት ስትወጣ እትዬ ዳይሬክተር ማፊኑን በእጃቸው ይዘው ቀና አሉ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«አመሰግናለሁ፣ ልሄድ ነው።»

«ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር። «ይቺ ልጅ ምንም ነገር ሆዷ ውስጥ እንደማያድር አታውቁም እንዴ? አባባ እቴቴን ይወዳታል፣ ግን ምስጢር ነው ብላ ከነገረችኝ ቆየች።»

ለምንዬ አፏን በማፊን ሞልታ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እንደዚያው ቀረ።

«ታዲያ ቅድም ማናት ብለው ለምን ጠየቁ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«ከእሱ አፍ ልሰማ ነዋ። ይናገር እንደሆነ ልፈትነው ፈልጌ ነው። ወደቀ።»

ይሄን ጊዜ ዓመት ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። 

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነዎት። ግን እኔ ልጅዎን የሚፈትኑበት ጥቁር ሰሌዳ አይደለሁም። እሱ ሲወድቅ የተሰበረው ልብ የእኔ ነው። እኔ ምን አደረግኩዎት? ዓመት ሙሉ እርስዎን ላለማስከፋት መንገድ ላይ ከኋላው ስሄድ ኖርኩ። ነገርኳት፣ ከበዳት፣ ጊዜ ትፈልጋለች እየተባልኩ…»

«ቆይ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር። ማፊኑን ሳህኑ ላይ መለሱት። «ማን ነው ጊዜ የፈለገው?»

«እርስዎ።»

«ማን ጠይቆኝ?»

 ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ወደ ሐኪሙ ዞሩ። አንገቱን ደፋ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ» አሉ እናቱ በዝግታ፣ «የእኔን ስም እንደ ጃንጥላ ዘርግተህ ከሥሩ ቆመህ ነበር? እኔ የሰውን ልጅ በሥራው የምመዝን ሴት ነኝ? እንዲህ አድርገህ ነው ለሰው የነገርክልኝ?»

«እማዬ፣ እኔ…»

«ለእኔ አይደለም። ለእሷ መልስ።»

 ጸጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ የለምንዬን ግንባር ሳመችና ወጣች። ስትፈራቸው፣ ስትጠላቸው የኖረቻቸው ሴትዮ ምንም አላደረጓትም። ስትጠብቀው የነበረው በር መጀመሪያውኑ ያልተቆለፈ ነበር። ይሄ ከሁሉ በላይ አቃጠላት።

*

ሐኪሙ ደረጃው ላይ ደረሰባት። በባዶ እግሩ ነው የወጣው።

«ያፈርኩት በአንቺ አይደለም» አላት እያለከለከ። «ስሚኝ። በአንቺ አይደለም።»

«ታዲያ በማን ነው?»

«እናቴ ፊት ስቆም ሕፃን ነው የምሆነው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ አምጥቼ ወደ ቤት ስመጣ አንዷ የት ሄደች ትለኝ ነበር። እስከ ዛሬ አንዷ የት ሄደች እንዳትለኝ ነው የምኖረው።»

ጸጉር ሠሪዋ ሁለት ደረጃ ወርዳ ነበር፤ ቆማ ዞረች።

«ስለዚህ የጎደለችው አንዷ እኔ ነኝ?»

ሐኪሙ አንድ ደረጃ ወደ እሷ ወረደ።

«ብትጠላኝ እችለው ነበር» አለችው። «ሰው ቢሸሽ፣ ቢሰለች፣ ይሆናል። አንተ ግን ትወደኛለህ። እየወደድከኝ ነው የደበቅከኝ፤ እየወደድከኝ ነው ያዋረድከኝ። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው ይቅር የምለው? ንገረኝ እስቲ፤ የተማርከው አንተ ነህ።»

እጁን ሊዘረጋ ሞከረ። የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማና ሳያውቀው ወደ ግድግዳው ሸሸ። እሱም አየው፣ እሷም አየችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አየህ?» አለች።  ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፤ መንገድ ላይ እስክትደርስ እንባዋን አልለቀቀችውም። ስትለቀው ደግሞ ከሐዘን ይልቅ የቁጣ እንባ ነበር፤ ሰው ዞሮ ቢያያትም አልሸፈነችውም።

*

ሐሙስ ጸጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ይመጣሉ ብላ አልጠበቀችም፤ ዐይኗ ግን ሳትልከው በር በሩን ያያል። የአንዲት ደንበኛ ጸጉር እየጠቀለለች ሳለ ለምንዬ ሮጣ ገብታ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። ሐኪሙ ከኋላዋ ገባ። ከክሊኒክ በቀጥታ የመጣ ይመስላል፤ ጢሙን አልተላጨም።

ጸጉር ሠሪዋ በመስታወቱ ሊያያት ሲሞክር ዐይኗን ነሳችው።

«ላናግርሽ መጥቼ ነው» አለ።

«ደንበኛ ይዣለሁ። ተራህን ጠብቅ።»

ጠበቀ። ከሴቶቹ መሃል፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዷ «ለአንተ ምን ይሠራልህ፣ ወንድሜ? ቶሎ የሚያልቅ ጸጉር ነው ያለህ» ስትል ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ተቀመጠች። አልተነሳም። ስልኩንም አላወጣም። በመጨረሻ ጸጉር ሠሪዋ ለምንዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ማበጠር ጀመረች።

«እናትህ ናቸው የላኩህ?» አለችው ሳትዞር።

«እናቴ ከቅዳሜ ጀምራ አላናገረችኝም። ማንም አልላከኝም።» ተነሳ። «ቅዳሜ እናቴ ማናት ስትለኝ የምወዳት ሴት ናት ማለት አቅቶኝ…»

ካስክ ውስጥ ጸጉሯን የምታደርቅ ወፍራም ሴትዮ ማድረቂያውን ቀና አደረገች። «ምን አለ? አልተሰማኝም።»

ሐኪሙ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወደ በሩ ያያል ብላ ጸጉር ሠሪዋ ጠበቀች። አላየም።

«የምወዳት ሴት ናት ማለት አቅቶኝ» አለ ጮክ ብሎ፣ «የልጄን ጸጉር የምትሠራ ናት አልኩ። ዓመት ሙሉ እናቴ ናት የምትከለክለኝ እያልኩ ዋሸኋት። እናቴ አልከለከለችኝም። ፈሪ ሆኜ ነው። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ ክሊኒክ ለሚሠሩትም ነግሬያቸዋለሁ። እናንተ ደግሞ አብራችኋት የምትውሉ ስለሆናችሁ እናንተም ስሙ ብዬ ነው።»

«ጉድ ነው» አለች ወፍራሟ ሴትዮ፤ ማድረቂያውንም አጠፋችው።

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ዞረች። ይቅርታ ልትለው አልነበረም የዞረችው።

«አሁን ነው የምትናገረው?» አለች። ድምፅዋ ጸጉር ቤቱን ሞላው። «እኔ ከኋላህ ስሄድ፣ መብራት እስኪጠፋ ሲኒማ ደጅ ቆሜ ስጠብቅህ፣ ያኔ ይሄ ምላስህ የት ነበር? በእናትህ የተነሳ አዘንኩልህ እኮ፤ እናቱ ጨካኝ ናት ብዬ አንተን ሳባብል ነበር። እንዲህ ቀላል ነገር ነው? ሦስት ቃል ነው? ለሦስት ቃል ነው ዓመቴን የበላኸው? ይቅር ብዬሃለሁ እንዳይመስልህ። ገና አልጀመርኩህም። ቁጭ በል።»

ሐኪሙ ቁጭ አለ።

«እቴቴ፣ ለምን ትስቂያለሽ?» አለች ለምንዬ በመስታወቱ እያየቻት።

«ማን ሳቀ? ተቆጥቻለሁ።»

ተቆጥታ ነበር፤ ከልቧ። የልጅቷን ጸጉር ለሦስት ከፈለች። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ፣ መንገደኛ በመስኮት ያያል፣ እሱ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ስድቡን ተቀብሎ አንገቱን ሳይደፋ ተቀምጧል። ባልና ሚስት መንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ እያየች የቀናችበትን ጊዜ አስታወሰች፤ ማንም ሰማ አልሰማ ሳይሉ፣ የእኔ ነህ፣ የእኔ ነሽ ብለው ሲጣሉ። ዛሬ ተራው የእሷ ነው። የምትለው ገና ብዙ ነበራት። ሁሉንም ጮክ ብላ ልትለው ነው፤ ይሄን ስታስብ ልቧ ከንዴቷ ጋር አብሮ፣ ሊቆም ባልቻለ ደስታ ይመታ ነበር።